የሶፊያው ዝምታ

ሰው የሚሸሸውን ነገር ፈልጎ አያገኘውም፤ ነገሩ ራሱ ሥራ ቦታው ድረስ ይመጣለታል። አቶ ውባየሁንም የገጠማቸው ይኸው ነው።

አቶ ውባየሁ ዳውንታውን ዴንቨር ካሉት የፓርኪንግ ጋራዦች በአንዱ መሥራት ከጀመሩ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ድሮ ቡዝ ውስጥ ተቀምጠው ቲኬት ይቀበሉ ነበር። በኋላ ቲኬት የሚቀበል ማሽን ተተከለና እሳቸው ማሽኑ እምቢ ያለውን ሰው የሚረዱ ሆኑ። ስለዚህ ስክሪን ያለው ነገር ሁሉ ከድሮም አይጥማቸውም። አንድ ረቡዕ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ሁለተኛ ፎቅ ሲዞሩ፣ አንዲት ወጣት በር የሚያህል ካርቶን መኪናዋ ውስጥ አልገባ ብሎ ሲያታግላት አዩ። ፊቷን ሲያዩ ሊናገሩት ያሰቡትን እንግሊዝኛ ተዉት።

«ልጄ፣ በዚህ አያያዝሽ ዕቃውንም ወገብሽንም ትሰብሪያለሽ። ቆይ፣ ገመድ አለኝ።»

«ጋሽ ውባየሁ! እርስዎ ነዎት እንዴ?»

ፅዮን ነበረች። የዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት አቶ ውባየሁ ኦሮራ በሚገኘው የኢትዮጵያውያን ማኅበር አዳራሽ የቅዳሜ ክፍላቸውን ሲከፍቱ፣ ከፊት ወንበር ተቀምጣ የነበረች የአሥር ዓመት ልጅ ናት። አሁን ፓርክ ሂል ትኖራለች፤ ተምራ፣ ለትምህርት ቤቶች በኮምፒውተር የሚሰጥ ትምህርት የምታዘጋጅ ባለሙያ ሆናለች። አቶ ውባየሁ ካርቶኑን ከመኪናው ጣሪያ ላይ አስተኝተው፣ ገመዱን ሁለት ጊዜ አዙረው፣ ጥሩ አድርገው አሰሩላት። ከዚያ በኋላ ነው ምን እንደሆነ የጠየቁት።

«በጣት የሚነካ ትልቅ ስክሪን ነው፣ ጋሼ። እዚህ ያለ አንድ ሆቴል ሎቢውን ሲያድስ ሊጥለው ነበር፤ ለምኜ ወሰድኩት። ለምናሉ ነው።»

አቶ ውባየሁ እጃቸውን ከገመዱ ላይ አነሱ። ምናሉ ማለት የእሳቸው ምናሉ ነው። በሰባ ዓመተ ምሕረት ከአዲስ አበባ አብረው ወጥተው፣ ቡልጋሪያ ውስጥ ሶፊያ ላይ አንድ ክፍል ለአራት ዓመት ተጋርተው የሙዚቃ ትምህርት የተማሩት፣ እዚያው ለሙሉ ኦርኬስትራ ሙዚቃ የደረሰው፣ እዚያው በሳምባ በሽታ የሞተው ምናሉ። አቶ ውባየሁ በየቅዳሜው ለማኅበሩ ልጆች የእሱን ሕይወት ሁለት ሰዓት ቆመው ይተርካሉ። ዴንቨርና ኦሮራ ውስጥ ስማቸው ሲጠራ «የምናሉ ጓደኛ» ተብሎ ነው። ሌላ ማዕረግ የላቸውም፤ አልፈለጉምም።

«ሦስት ጊዜ ደውዬልዎት ነበር» አለች ፅዮን በትሕትና። «ቮይስሜይልም ትቻለሁ። ሥራ በዝቶብዎት ይሆናል ብዬ ነው እንጂ፣ ያለ እርስዎ ልጀምረው አልፈለግኩም ነበር።»

«በዝቶብኝ ነው» አሉ አቶ ውባየሁ። አልበዛባቸውም ነበር። መልእክቱን ሦስቱንም ጊዜ እስከ መጨረሻው አዳምጠው ነው ያጠፉት።

«ከሶፊያው ትምህርት ቤት የኮንሰርቱን ቅጂ ላኩልኝ። እህቱ እትዬ ፀሐይነሽ ደግሞ ከአዲስ አበባ ደብዳቤዎቹን በስልክ ፎቶ እያነሱ ላኩልኝ። ልጆቹ ካርታውን ሲነኩ ከተማው ይከፈትላቸዋል፤ መሣሪያውን ሲነኩ ድምፁ ይሰማል። እንደ ምናሉ ሆነው የሚወስኑበት ቦታም አለ። አባቱ ታመው ደብዳቤ ሲመጣ ትሄዳለህ ወይስ ትቀራለህ? ይላቸዋል። ቅዳሜ ይከፈታል። ማኅበሩ የመጀመሪያውን ሰዓት ሰጥቶኛል።»

«የእኔን ሰዓት?»

«የእኛን ሰዓት ቢሉት ደስ ይለኛል፣ ጋሼ።»

አቶ ውባየሁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ስሚ ልጄ። ትምህርት ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ ነው የሚሄደው። እኛ የተማርነው እንዲያ ነው። ልጅ ጠቅ ጠቅ እያደረገ የሚማረው ጠቅ ጠቅ ማድረግን ነው። ለመሆኑ አንቺ ኖታ ታነቢያለሽ?»

«አላነብም።»

«እንግዲያው ከመጠምጠም መማር ይቅደም!»

ፅዮን ትንሽ ፈገግ አለች፤ አልተቆጣችም። «ልክ ነዎት፤ ለዚህ ነው የደወልኩልዎት። ግን ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልናገር? ከእርስዎ ዘንድ ሁለት ዓመት ተምሬአለሁ። የተወለደበትን ቀን፣ የሄደበትን ቀን፣ የሞተበትን ቀን በቃሌ አውቃለሁ። የሠራውን ሙዚቃ ግን አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም ነበር። የሙዚቃ ሰው መሆኑን ያወቅኩት እርስዎ ስላሉኝ ብቻ ነው።»

«ሙዚቃውን ከየት አምጥቼ ላሰማሽ?»

«አሁን መጥቷል እኮ፣ ጋሼ። ቅዳሜ ይምጡና ይስሙት።»

መኪናዋ ቁልቁል ስትወርድ አቶ ውባየሁ ቆመው አዩዋት። በገዛ ገመዳቸው ያሰሩት ካርቶን ንቅንቅ አላለም።

እዚህ ላይ አንባቢ አቶ ውባየሁ የተጣሉት ከማሽን ጋር ነው ብሎ እንዳይሳሳት። ራሳቸውን ያሳመኑት እንደዚያ ብለው ነው፤ ሦስት ቀን ሙሉ ሞንትቤሎ በሚገኘው ቤታቸው ብቻቸውን እየተንጎራደዱ ስለ ዘመኑ ልጆች፣ ስለ ዓይን መበላሸት፣ ስለ መምህር ክብር ተናግረዋል። ቅናት በገዛ ስሙ ተጠርቶ አያውቅም። ሁልጊዜ የክብርን ወይም የሥርዓትን ካባ ደርቦ ነው ከቤት የሚወጣው። እውነቱ ግን፣ ከእሳቸው ሌላ ሰው የምናሉን ስም ሲጠራ የገዛ ሚስታቸውን ስም የጠራባቸው ያህል ይከነክናቸው ነበር።

ቅዳሜ አዳራሹ ደርሰው እንደ ልማዳቸው ሠላሳ ወንበር በአምስት ረድፍ ደረደሩ። ባለፈው ሳምንት የመጡት ልጆች ስድስት ነበሩ። ዛሬ ሃያ ሦስት መጡ፤ ከሃያ ሦስቱ ሃያ አንዱ ስክሪኑ ላይ እንደ ንብ ሰፈሩ። ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ተኝቷል።

«ዋው፣ ሉክ! ትራሙ ይሄዳል!» ይላል አንዱ።

«ሙቭ! አሁን የኔ ተርን ነው!» እያለች ሌሎቹን ትገፋለች ሔቨን የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ። ሔቨን በእሳቸው ክፍል ስትቀመጥ ጣሪያውን እንጂ እሳቸውን አይታ አታውቅም። አሁን የምናሉን ኮት በጣቷ እየጎተተች «ለምንድነው ቀጭን የሆነው? አይበርደውም?» ትላለች።

አቶ ውባየሁ ቀኑ። ሌላ ስም ልሰጠው ብል ውሸት ይሆንብኛል። አሥራ ሰባት ዓመት በየቅዳሜው በረዶ እየጠረጉ የመጡት እሳቸው፣ ክፍሉን የሞላችው ደግሞ ኖታ የማታነብ ልጅ! ከኋላ ሆነው ስክሪኑን ያዩት እንዲበላሽ እየተመኙ ነበር።

ከዚያ ሙዚቃው ተከፈተ። አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ያልሰሙት ሙዚቃ ነው። ልጆቹ ጸጥ አሉ። ቫዮሊኖቹ እየከበዱ ወጡ፣ መለከቶቹ ተከተሉ፣ ከዚያ ሁሉም ወደቀና ቼሎዎቹ ብቻ አንድ ዝቅ ያለ ድምፅ ይዘው ቀሩ። ከእሱ በላይ ምንም የለም። አሥር ሰኮንድ፣ ሃያ፣ አርባ፣ አንድ ደቂቃ። ከዚያ ኦርኬስትራው እንደገና ተነሣ። ስክሪኑም እንዲህ የሚል ጥያቄ አወጣ፦ «ምናሉ እዚህ ላይ ለምን ዝም አለ? ሀ. አገሩ ስለናፈቀው፤ ለ. ለአባቱ ኀዘን፤ ሐ. የበረዶን ጸጥታ ለማሳየት።»

ልጆቹ ተከራከሩ። አሥራ አንዱ «ሀ»ን፣ ስምንቱ «ለ»ን፣ ሌሎቹ በረዶውን መረጡ። ስክሪኑ ሁሉንም «ጥሩ አስተያየት» አላቸው።

አቶ ውባየሁ ከኋላ ሆነው ሳቅ አፈናቸው። ሦስቱም ልክ አይደሉም። ምናሉ እዚያ ቦታ ላይ ፈጽሞ ዝም አላለም። ይህን የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አሁን እጁን አጣጥፎ ከበሩ አጠገብ ቆሟል።

ፅዮን ልጆቹን ሸኝታ ወደ እሳቸው መጣች። «ጋሼ፣ ያጠፋሁት ነገር አለ? እባክዎ አይደብቁኝ። ኖታው ጠፍቷል፤ ቅጂውን ብቻ ሰምቼ በግምት የጻፍኩት ብዙ ነው።»

«ምን ጥፋት አለው! ግሩም ነው» አሉ።

«ያ ዝምታስ? እኔንም ያስጨንቀኛል። ለአንድ ሰው ቦታ የለቀቀ ይመስላል።»

«ደራሲ አይደል? ደራሲ ያሻውን ያደርጋል።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ስህተቷ ከእሳቸው በቀር ማንም የማያየው ስህተት በመሆኑ እንደ ከረሜላ በአፋቸው ይዘውት ወደ ቤታቸው ነዱ። ቻምበርስ ጎዳና ላይ ሲደርሱ ግን ጣዕሙ ተለወጠ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። አቶ ውባየሁ የክላሪኔት ተማሪ ነበሩ፤ ጎበዝም ነበሩ። ምናሉ ግን ከጎበዝ በላይ ነበር። መምህራኑ የሚያወሩት ስለ ምናሉ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ኦርኬስትራ እንዲጫወት የተመረጠው የምናሉ ድርሰት ነው። ምናሉም ደስታውን ሊያካፍል ብሎ ከድርሰቱ መካከል አሥራ ስድስት ባር፣ የአንድ ደቂቃ ያህል ዜማ፣ ለጓደኛው ብቻ ጻፈ፤ ሌላው ሁሉ ዝቅ ብሎ ክላሪኔት ብቻዋን የምትናገርበት። በአንድ ወረቀት ላይ በእጁ ጽፎ «ይኼ ያንተ ነው» ብሎ ሰጠው። ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅሳል። ውባየሁ ግን «እኔ ብነፋውም የሚጨበጨብለት እሱ ነው» ብሎ አሰበ። በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ ላይ፣ ኮንሰርቱ በሚቀርብበት ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን ደረት ኪሱ ከትቶ ትራም ተሳፈረ። ቪቶሻ ተራራ ሥር መጨረሻው ፌርማታ ወርዶ ኮንሰርቱ እስከሚያልቅ ድረስ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። የኦርኬስትራው መሪ ያን ቦታ ያለ ክላሪኔት አለፈው። የተቀዳውም ያ ነው።

ማታ ሲመለስ ምናሉ ምንም አልጠየቀውም። በሚቀጥለው ወር ውባየሁ ትምህርቱን ጥሎ ወደ ጀርመን ተሻገረ፤ ከዚያም ወደዚህ መጣ። ምናሉ ከሦስት ዓመት በኋላ መሞቱን የሰማው በሌላ ሰው አፍ ነው። ወረቀቱ አሁንም ሞንትቤሎ፣ የአቶ ውባየሁ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ።

ማክሰኞ የዕረፍት ቀናቸው ነው። ጠዋት የአዳራሹን ቁልፍ፣ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ይዘው ወደ ኦሮራ ሄዱ። ዓላማቸው አንድ ነበር፤ የፅዮንን ስህተት አንድ በአንድ መዝግቦ ለማኅበሩ ሊቀመንበር ማቅረብ። ስክሪኑን ለመክፈት ሩብ ሰዓት ፈጀባቸው። ከዚያ ግን እየነኩ ሄዱ። ትራሙ ሰማያዊ ተደርጓል፤ ቢጫ ነበር። ጻፉ። የመኝታ ቤቱ መስኮት በስተግራ ነበር፤ በስተቀኝ ተሥሏል። ጻፉ። ደስ አላቸው። «ስሜንም አጥፍታው ይሆናል» ብለው ፈለጉ። የትም የለም። ይህንንም በትልቁ ጻፉ።

በመጨረሻ ደብዳቤዎቹ ያሉበትን መሳቢያ ነኩ። እያንዳንዱ ደብዳቤ ሲነካ እትዬ ፀሐይነሽ በራሳቸው ድምፅ ያነቡታል። አቶ ውባየሁ ለእኚህ ሴት አንድም ቀን ደውለው አያውቁም፤ ምን ብለው ይደውላሉ? ከመካከል አንዱን ነኩት። የአሮጊት ድምፅ፣ ትንሽ እየተንቀጠቀጠ፣ እንዲህ አለ፦

«…እህቴ፣ ሥራዬ ትናንት ተሰማ። ሰዎቹ ቆመው አጨበጨቡ። ውባየሁ ታሞብኝ ስለዋለ ግን ደስታዬ ሙሉ አልሆነም። ለእናቱ እንዳትነግሪ፣ ትደነግጣለች። ሲሻለው እንደገና እናቀርበዋለን፤ ያኔ ነው ሙሉ የሚሆነው።»

አቶ ውባየሁ አልታመሙም ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት ከምናሉ ጋር ዳቦ በእርጎ በልተው፣ ምናሉ የኮታቸውን ትከሻ በእጁ ጠርጎላቸው ነው የወጡት። ምናሉ ያውቅ ነበር። አውቆ፣ ለገዛ እህቱ እንኳ ሸፈነላቸው።

ደብዳቤውን እንደገና ነኩት። አሁንም እንደገና። አራተኛው ላይ ፅዮን የስክሪኑን ገመድ ልታስተካክል ኮምፒውተሯን አንግታ ገባች፤ ሽማግሌው መሀል አዳራሽ ቆመው በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ይዘው ሲያለቅሱ አገኘቻቸው።

«ጋሼ! ምን ሆኑ? አመመዎት?»

«አላመመኝም። ያኔም አላመመኝም።»

ወንበር አቀረበችላቸው። እሷም ተቀመጠች። ቸኩላ አልጠየቀችም፤ ይህ ለወጣት ትልቅ ዕውቀት ነው።

«ያንን ጥያቄ አውጪው» አሉ በመጨረሻ። «ሦስቱም ልክ አይደሉም።»

«ልኩ የቱ ነው?»

ካፈርኩ አይመልሰኝ ብለው ነገሯት። ወረቀቱን፣ ትራሙን፣ አግዳሚ ወንበሩን።

«ይኸውልሽ» አሉ። «አሁን ታውቂያለሽ። አጥፊውና ይለቅ። ለልጆቹ መንገር ግን የለብንም።»

«ማጥፋቱ ሁለት ደቂቃ ነው፣ ጋሼ። ግን በምትኩ ምን ልጻፍ? ሃያ ሦስት ልጆች ‹አገሩ ናፍቆት ነው› ብለው ወደ ቤታቸው ሄደዋል። እኔ ነኝ ያሳሳትኳቸው።»

«ያሳሳትኳቸው እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ ደውለሽልኛል።»

«መጽሐፍ አሳትሜው ቢሆን ኖሮ ስህተቱ ሃምሳ ዓመት ይኖር ነበር። ይኼ ግን ይታረማል። ዛሬ ማረም እንችላለን።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ ሞኙም ሆንኩ ወረቀቱንም ያዝኩ» አሉና መራራ ሳቅ ሳቁ። «ግን አንቺ ወጣት ነሽ፤ አታውቂም። ይህን ከነገርኩ ከቅዳሜ ወዲያ ማን ጋሼ ይለኛል? እኔ እኮ ‹የምናሉ ጓደኛ› ነኝ። ሌላ ስም የለኝም።»

«ጋሼ፣ ላስቀይምዎት ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። ለአሥራ ሰባት ዓመት ምናሉ ጎበዝ እንደነበር ነግረውናል። ጥሩ ሰው እንደነበር ግን አንድ ቀን አልነገሩንም። አሁን ገባኝ። እሱን ለመንገር ይኼንን መንገር ግድ ስለሚል ነው። የራስዎን ሲደብቁ የእሱንም ትልቁን ነገር ደብቀዋል።»

ሰው በተሸነፈበት ክርክር ላይ የሚይዘው አንድ ዘዴ አለ፤ ሌላ ክርክር ያነሣል፤ አቶ ውባየሁም አነሡ።

«ልጆች ይህን በስክሪን ሊረዱት አይችሉም። ይህ የሰው ፊት ይፈልጋል።»

«እውነትዎን ነው!» አለች ፅዮን፣ እንደተጋበዘች ሁሉ። «እኔ መቼ ስክሪኑ መምህር ይሁን አልኩ? ቀኑን፣ ካርታውን፣ ሙዚቃውን እሱ ይያዝልዎት። አንድ ልጅ ቢያረፍድ ከመጀመሪያው ይጀምርለታል፤ አሥር ጊዜ ቢጠየቅ አይሰለችም። እርስዎ ሁለት ሰዓት ቀን ሲቆጥሩ ጉልበትዎ ያልቅና ልጆቹ ሊጠይቁዎት የሚገባቸው ነገር ጊዜ ያጣል። ስክሪኑ ያላየውን እርስዎ አይተዋል። ሰውየውን ቀስቅሰው አብረውት በልተዋል። እኔ በዚህ ስንት ጊዜ እንደቀናሁብዎት ቢያውቁ።»

«አንቺ? በእኔ?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ የሰውየውን ድምፅ እየፈለግኩ፣ እርስዎ ስልክ አያነሡም። ከቅናት ሌላ ምን ይይዘኛል?»

አቶ ውባየሁ ደብተራቸውን አዩት። ቢጫ ትራም፣ የግራ መስኮት። ገጹን ቀደው ሰጧት። «እነዚህንም አርሚ። ለክስ ነበር የጻፍኳቸው።» ትንሽ ቆይተውም «እኔም ቀንቼብሻለሁ። ባለፈው ቅዳሜ እንዲበላሽብሽ ስመኝ ነበር» አሉ።

«አውቄያለሁ፣ ጋሼ። ሶኬቱን ሲያዩት አይቻለሁ።»

በዚህ ተሳሳቁ። አቶ ውባየሁ የዚያኑ ቀን ወረቀቱን ከሞንትቤሎ አምጥተው በእጇ አስቀመጡላት። ክላሪኔታቸውንም ከሳጥኑ አወጡ። ለአርባ ሦስት ዓመት ያልነፋ ከንፈር እንዲህ በቀላሉ አይታዘዝም፤ ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ሲለማመዱ የጎረቤታቸው ውሻ አብሯቸው ያላዝን እንደነበር እሳቸው ራሳቸው ይመሰክራሉ። ዓርብ ጠዋት ፅዮን በማይክሮፎን ቀዳቻቸው። ሁለት ቦታ ተሰናክለዋል። «ይደግሙታል?» ብትላቸው «አይ፣ እንዳለ ይሁን፤ የዘገየ ሰው ትንፋሽ እንዲህ ነው» አሉ። እሷም ድምፁን ከቼሎዎቹ በላይ አስቀመጠችው። ወደ አዲስ አበባ ደውለው እትዬ ፀሐይነሽን ያነጋገሩት ግን ብቻቸውን ነው፤ ምን እንደተባባሉ ለማንም አልተናገሩም።

ቅዳሜ መጣ። አቶ ውባየሁ ወንበሮቹን በረድፍ አልደረደሩም፤ ስክሪኑን ከብበው እንዲቀመጡ አደረጉና አንዱን ለራሳቸው ወሰዱ። ሙዚቃው ተከፍቶ ቼሎዎቹ ብቻቸውን ሲቀሩ፣ ጥያቄው ወጣ። አሁን አራተኛ ምርጫ አለው። ሔቨን ከሁሉም ቀድማ «መ»ን ነካች። የአቶ ውባየሁ ድምፅ ከስክሪኑ ወጣ፦

«ምናሉ እዚህ ላይ ዝም አላለም። ይህን ቦታ ለእኔ ሰጥቶኝ ነበር። እኔ ቀንቼበት ሳልመጣ ቀረሁ። እሱ ደግሞ ታሟል ብሎ ሸፈነልኝ። የጻፈው ይኸውላችሁ።»

ከዚያ ክላሪኔቷ ገባች። ሁለት ቦታ ተሰናከለች፤ አንድም ልጅ አልሳቀም። ሲያልቅ ሃያ ስድስት ራስ ከስክሪኑ ወደ ሽማግሌው ዞረ። አቶ ውባየሁ የሚጠብቁት ንቀት ነበር። የመጣው ግን ጥያቄ ነው፤ በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ከልጆች ሲጠየቁ የመጀመሪያቸው።

«ጋሼ፣ ዩ ወር ጄለስ? የራስህ ፍሬንድ ላይ?»

«አዎ፣ ልጄ፤ ቀንቼበት ነበር።»

«እሱ አውቆ ነው ዝም ያለው?»

«አውቆ ነው።»

«ታዲያ ሶሪ ብለኸዋል?»

«ነገ እለዋለሁ እያልኩ ሞተ።»

ጥያቄው ከየአቅጣጫው ዘነበ። በረዶው ምን ያህል ነበር? እርጎ በዳቦ ይጣፍጣል? ምናሉ ይስቅ ነበር? ትራሙ ቢጫ መሆኑን ማን አረመው? አቶ ውባየሁ እየሳቁም እየተከዙም መለሱ፤ አንድ ሰዓት እንዴት እንዳለቀ አላወቁም። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ የማኅበሩ ክፍል እንዲህ ሆኖ ቀጥሏል። ልጆቹ ቤታቸው ሆነው በታብሌት ያዩትን ይዘው ይመጣሉ፤ እናቶችና አባቶች ከሥራ ሲመለሱ አብረዋቸው ይሰማሉ፤ እትዬ ፀሐይነሽ አንድ አዲስ ነገር ባስታወሱ ቁጥር ከአዲስ አበባ ይጨመራል። ሌሎች ሽማግሌዎችም የደበቁትን ፎቶና ወረቀት እየያዙ ወደ ፅዮን መምጣት ጀምረዋል። ዕውቀት በቁም ሳጥን ተቆልፎ ባለቤቱን እንኳ አይጠቅምም። ሰው ደግሞ የሚያውቀውን ስለሰጠ አያንስም፤ አቶ ውባየሁን ያየ ይህን አይጠራጠርም።

የዚያን ቅዳሜ ሌሎቹ ሲበታተኑ ሔቨን ቆማ ቀረች። የጫማዋን ጫፍ እያየች ነበር።

«ጋሼ፣ ጓደኛዬ ልዕልት ባለፈው ሳምንት የቫዮሊን ኮምፒቲሽን አሸነፈች። እኔ ኮንግራጁሌሽን፣ እንኳን ደስ ያለሽ፣ አላልኳትም። እንዲያውም ጥሩ አልተጫወተችም ብዬ ለሁሉም ነገርኩ።»

«ጥሩ ተጫውታለች?»

«ቬሪ ጥሩ።»

«የት ናት አሁን?»

«እዚያ። ኮቷን እየለበሰች።»

አቶ ውባየሁ ክላሪኔታቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? እኔን አርባ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። አንቺ በሩ ሳይዘጋ ድረሺባት።»

ሔቨን ወንበሮቹን እየዘለለች ሮጠች።